ሳይዘጋ የቀረው ስልክ

ሱቅ መክፈት። ልክ መውሰድ። መቁረጥ። መስፋት። መተኮስ።

ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ስልኩ ጮኸ። «ከግብር ቢሮ ነው። ውዝፍዎን አሁኑኑ በስልክ ካልላኩ ሱቅዎ ይታሸጋል፤ ስልኩን እንዳይዘጉ!»

ከጎኑ የምትሰፋው ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዝጋውና ቢሮው ሄደህ ጠይቅ! ግብር ሰብሳቢ መቼ በስልክ ተለማምጦን ያውቃል?» አለችው። እርሱ ግን ደንበኛ ሲያናግር እንደሚያደርገው በእጁ ዝም አሰኛትና ጎረቤታቸው ለልጇ ቀሚስ ጨርቅ መግዣ የሰጠችውን ገንዘብ ላከ።

ከሰዓት ቢሮው ሲደርስ ምንም ውዝፍ እንደሌለበት ተነገረው። ቁጥሩን ለፖሊስ አስመዘገበ፤ ነገሩ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ሌላ መላ ስላጣ የሚስቱን የስፌት መኪና ሸጠ። እርሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ያን ዕለት በእጁ ያፈነው ድምፅ አሁን ናፈቀው።

የጎረቤቲቱ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።