ጓጉንቸሩ ከውጭ ነበር

ወሬውን የሰማሁት በተቆለፈ በር ስንጥቅ ነው። የሕንፃው ዘበኛ፣ እነሱ ናጡር የሚሉት፣ ደረጃውን ሲያጥብ ቆየና አፉን ወደ በራችን አስጠግቶ፣ «ባለዲያ መጥቷል። ጎረቤት ሕንፃ ደርሰዋል፤ የምድር ቤት ክፍሎችን በብየዳ እየዘጉ ነው። ቁልፉ የት አለ?» አለ።

«ሐዝሚዬ ሰፈር፣ ለሥራ ከወጣችው ጋር» አልኩት።

«ያ ረቢ!» ባልዲውን ሲያነሳ ሰማሁ። «በሉ ድምፅ እንዳታሰሙ። ካገኟችሁ እኔ ከሥራዬ ኸላስ!»

ክፍሉን ከባለቤቱ ተደብቆ ያከራየን እሱ ነበርና ፍርሃቱ ገባኝ።

ጦርነታቸው አብቅቶ ቤሩት እንደገና ትሠራ በነበረበት ዘመን ነው። ከዛልቃ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ለዕቃ ማስቀመጫ በተሠራች መስኮት አልባ ክፍል ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። ሦስታችንም ከማዳሞቻችን ቤት የወጣን፣ ኢቃማ፣ ያኒ የመኖሪያ ወረቀት የሌለን ነን። ታላቃችን ጠዋት ለጽዳት ስትወጣ ጓጉንቸሩን ከውጭ ትቆልፍብናለች። ከውጭ የተቆለፈ በር ማንም አያንኳኳም፤ ብዙ የአገራችን ልጆች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ሥራ ሳገኝ እኔም በተራዬ እቆልፋለሁ። ጠዋት ቁልፉ ቀጭ ሲል «አቤቱ ጠብቀን» እላለሁ፣ ማታ ሲከፈት «ተመስገን»። በመካከል ያለውን ቀን ቁጭ ብዬ አሳልፈዋለሁ።

ያን ዕለት አብራኝ የቀረችው ታናሻችን አስም ነበረባት።

«እታለም፣ ባለዲያ ቆሻሻ አንሺው አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንግዲህ እኛንም ያንሳንና እንገላገል!»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!»

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልቻልኩም። ባለዲያ ምን እንደሆነ አገሩ እንደገባሁ ስጠይቅ «የእነሱ ቀበሌ ነው» ተብዬ ነበር። ቀበሌን ደግሞ አውቀዋለሁ። ስኳርና መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነው፤ በአፈሳ ጊዜ ወንድሜን ከአልጋ ሥር ጎትቶ ለውትድርና የወሰደውም ቀበሌ ነው። ስለዚህ ባለዲያ መንገድ ሲጠርግ፣ የመንገድ አምፖል ሲቀይር፣ ለትንኝ መድኃኒት ሲረጭ ባይም፣ በልቤ ያለው ቤት ለቤት የሚያስስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር።

መጡ። ብረት ሲጎተት ተሰማ። አንዱ ጓጉንቸሩን ነቅነቅ አደረገና፣ «ባዶ ነው። ያላ፣ በይደው!» አለ።

በበሩ ጠርዝ ብልጭታው ገባ፤ የተቃጠለ ቀለም ጭስ ተከተለው። ታናሻችን የነጠላዬን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ብጮኽ እስርና ወደ አገር መባረር ነው፤ ዝም ብል ብረቱ በላያችን ይበየዳል። ሲሄዱ ናጡሩ ይከፍትልናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ በምን እንደሚከፍተው ግን አላሰብኩም። ውዳሴ ማርያም በልቤ ጀመርኩ፤ የሰኞውን ከረቡዑ ቀላቀልኩት። የልጅቷ ደረት ሲያፏጭ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። በመጨረሻ ሳሉ አሸነፋት። አንዴ ከጀመራት ወዲያ ማን ያቁመው!

ብየዳው ጸጥ አለ።

«ውስጥ ሰው አለ!»

የበየዱትን ፈንቅለው ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰበሩት። አለቃቸው ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። እንዲያስረኝ ሁለት እጆቼን ዘረጋሁለት።

«ኢቃማ የለንም» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ።

«ኢቃማ እኔ ምን አገባኝ? እኔ ባለዲያ ነኝ! ቆሻሻ አስነሳለሁ፣ መብራት አስተክላለሁ፣ ያለ ፈቃድ የተያዘ ክፍል እዘጋለሁ። ወረቀት የፖሊስ ነው። እዚህ ታፍናችሁ ብትሞቱ ግን የምታሰረው እኔ ነኝ፣ አንቺ እብድ!» አለና ውኃ አምጣ ብሎ ናጡሩ ላይ ጮኸበት።

ዕቃችንን ደረጃው ላይ እስክንከምር ታገሡን፤ ከዚያ ባዶውን ክፍል በየዱት። የታናሻችን ከንፈር ጠቁሮ ነበር። አይተናት የማናውቅ የአገራችን ልጅ ዳቦ ይዛ በመንገድ ስታልፍ ግርግሩን አይታ ገባች።

«ይቺ ልጅ ሐኪም ትፈልጋለች። የመነኮሳቱን ክሊኒክ አውቀዋለሁ፤ ወረቀት አይጠይቁም» አለችና ሰርቪስ ታክሲ አስቆመች። እኔ ታላቃችንን መጠበቅ ነበረብኝ፤ ብቻዋን መጥታ ከተበየደ በር ጋር እንዳትፋጠጥ። «ማታ እመጣለሁ» አልኳት። ታናሻችን በታክሲው መስኮት እጇን አወጣችልኝ።

ታላቃችን ስትመጣ ቁልፉን እንደያዘች በሩን አየችው። ተያይዘን ክሊኒኩ ስንደርስ፣ ትንሽ ተሽሏት «እህቷ ነኝ» ካለች ሴት ጋር ወጥታለች አሉን። እኛን የት ብላ ትፈልገን? በራችን ተበይዷል።

ማር ሚካኤል ሰፈር ድረስ የኛ ልጆች የሚከራዩባቸውን ክፍሎች አንኳኳሁ። ግን ማን ብዬ ልጠይቅ? የምንጠራራው ማዳሞቻችን ባወጡልን ስም ነበር፤ ቤት በቀየርን ቁጥር እሱም ይቀየራል። በጸሎት እንዳስባት የነገረችኝን የክርስትና ስሟን ብቻ ነው የማውቀው።

ያን ዕለት ደረጃው ላይ የነበራችሁ፣ ይልቁንም አንቺ ዳቦ የያዝሽው እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ቢደርስሽ ቃል ላኪልኝ። በሕይወት ካለች አለች በዪኝ፤ ካረፈችም አትደብቂኝ። እስከ ዛሬ ስሟን የምጠራው ከሕያዋን ጋር ነው፤ እዚያው ልተወው እንደሆነ ንገሪኝ።