ሃጂን ከራሳቸው ጋር ያስታረቀችው ዙሀይራ

ሮቤ ከተማ ውስጥ ሞንታርቦ ጭኖ የሚዞር መኪና ሰምታችሁ ከሆነ የዙሀይራን ሥራ ሰምታችኋል። አዲስ ሱቅ ተከፈተ፣ በሬ ጠፋ፣ የልጆች ክትባት ተጀመረ የሚሉት ድምፆች የሌሎች ሰዎች ናቸው። የእሷ ሥራ ሰኞ የተቀዳውን ሐሙስ ከተቀዳው ጋር አገጣጥማ፣ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ የተናገረው ማስመሰል ነው። ስቱዲዮዋ ግድግዳው ላይ የስፖንጅ ፍራሽ የተለጠፈበት አንድ ክፍል ነው። እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ የሒሳብ መምህር ስሆን ከጎኗ ተከራይቼ ስኖር አምስት ዓመቴ ነው። ጠዋት "ደህና አደርሽ?" ስላት ከድምፄ ብቻ ቁርስ መብላት አለመብላቴን ትነግረኛለች። እስካሁን ተሳስታ አታውቅም፤ ይሄ ነገሯ ያናድደኛል።

አባቷ ሃጂ ከማለዲን ሮቤ አጠገብ ሲናና ላይ ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ለሠርግም ለእርቅም ተጠርተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው የያዘውን ሻይ አስቀምጦ ነው የሚሰማቸው። ስለ ልጃቸው ሥራ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው። "ሰው ያወራውን ተቀምጦ መስማት፣ እሱም ሥራ ሆኖ ነው?" ይሉና ይስቃሉ፤ እንግዳውም ይስቃል፤ ዙሀይራም አብራ ትስቃለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ፊቷ ይለወጣል።

"ቲቸር፣ አባ አንድ ቀን ብቻ ሥራ ነው ቢሉልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችኝ አንዴ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ስንዴውን ቢጫ ዋግ መታው። ቅጠሉን በጣት ስትነኩት ቢጫ ዱቄት ይተውላችኋል። የአካባቢው የገበሬዎች ማኅበር ስለ መድኃኒት ርጭት የሚያስረዳ ንግግር በገበያ ቀን በሞንታርቦ እንዲሰማ ወሰነ። ተናጋሪው ሃጂ ከማለዲን፣ ቀጂዋ ዙሀይራ ሆኑ። ይሄኔ "አሁን ሥራዬን ለአባ ካላሳየሁ በቃ" ብላ ተነሳች።

የመጀመሪያውን ቀን ሲናና ሄዳ ግቢያቸው ውስጥ ቀዳቻቸው። ጎረቤታቸው ቀነዓ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ባሌ ውስጥ ሽማግሌ ሲናገር ሰሚው አፉን ዘግቶ አይቀመጥም፤ በየመሐሉ "ኤዬ" ይላል። አዎ፣ እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ እንደማለት ነው። ሃጂ አንድ ሐሳብ ይጥላሉ፣ ቀነዓ "ኤዬ" ይላል፣ ሃጂ ይቀጥላሉ። ዙሀይራ ስቱዲዮዋ ተመልሳ የቀነዓን "ኤዬ" ሁሉ እንደ ውሻ ጩኸትና እንደ በር ድምፅ ቆጥራ አንድ በአንድ ቆርጣ አወጣች። ንግግሩ ጥርት አለ። ማኅበሩም ወደደው።

ገበያው ሁለት ቀን ሲቀረው ማኅበሩ ይጨመር የሚለው ነገር መጣ፤ ርጭቱ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን፣ የመድኃኒቱ ዕቃ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ የሚል። ቀነዓ ለቡና ለቀማ ወደ ሃረና ጫካ ወርዷል። ሃጂ ብቻቸውን በሚኒባስ ሮቤ መጡና ፍራሽ በተለጠፈበት ክፍል ተቀመጡ፤ እኔም ጥግ ይዤ ቆምኩ።

"አባ፣ እኔም ቲቸርም ትንፍሽ አንልም። እርስዎ ብቻ ይናገሩ" አለቻቸው።

ተናገሩ። ግን ምን ዓይነት ንግግር ነው? ገበያውን በአንድ ቃል ዝም የሚያሰኙት ሰውዬ ፖሊስ ጣቢያ ቃላቸውን የሚሰጡ መሰሉ። ዙሀይራ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ከፍ ያለ የፖሊስ ጣቢያ ቃል ሆነ። ጎርናናውን ጨመረች፣ ቀጭኑን ቀነሰች። ሻይ በወተት አጠጣቻቸው፣ አቆመቻቸው፣ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ሁለቱን ቅጂዎች ስታገናኛቸው ለእኔ ጆሮ እንኳን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እርሻው ላይ የቆመ፣ ሌላው ሆስፒታል ወረፋ የያዘ።

"ማሽንሽ ነው" አሉ ሃጂ። "እኔ ያው እኔ ነኝ። ይሄንን ነው ሥራ የምትይው?"

ዙሀይራ ያልተቆረጠውን የሲናናውን ቅጂ ከፍታ ከመጀመሪያው ማዳመጥ ጀመረች። ቀነዓ "ኤዬ" ሲል የሃጂ ድምፅ ይነሳል፤ ሌላ "ኤዬ"፣ እንደገና ይነሳል። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውርዳ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

"ቲቸር፣ ያስወጣሁት እኮ ቆሻሻ አይደለም። አባ ሰው ካልመለሰላቸው መናገር አይችሉም። የራሴን አገር ወግ ፍራሽ ለጥፌበት ረሳሁት።"

ወንበሯን ስባ ከአባቷ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። ሴት ልጅ፣ ያውም የራስ ልጅ፣ ለሽማግሌ ንግግር "ኤዬ" ባይ ስትሆን አይቼ አላውቅም። ሃጂም ትንሽ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ ጀመሩ። ስለ ነፋሱ ተናገሩ፤ "ኤዬ" አለች። ስለ ወንዙ ተናገሩ፤ "ኤዬ" አለች። ሰውዬው እጃቸውን ማወናጨፍ ጀመሩ፣ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። የሲናናው ሃጂ ተመልሰው መጡ።

አንድ ችግር ቀረ። በመጀመሪያው ክፍል የሚመልሰው ወንድ ነው፣ በሁለተኛው ሴት። ስፌቱ በግልጽ ይታያል። ዙሀይራ ወጉን ዳግም ላለመቁረጥ የቀነዓን "ኤዬ" ሁሉ ወደ ቦታው መለሰች፤ ከዚያ ከሁለተኛው ክፍል የራሷን ድምፅ አንድ በአንድ አውጥታ የቀነዓን አስገባችበት። ሃጂ ከኋላዋ ቆመው ያዩ ነበር።

"የራስሽን ለምን ታወጪዋለሽ?"

"መጋጠሚያው እንዳይታወቅ ነው፣ አባ።"

ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብለው ማየታቸውን ቀጠሉ።

የገበያው ቀን ሞንታርቦው ሃጂን ሲለቅ ሰው ቆሞ ሰማ፤ በግና ስንዴ የያዘው ሁሉ ቆመ። ሁለቱ ቀናት የት ላይ እንደተገናኙ እኔ እያወቅኩ ሳላውቀው አለፈኝ። ዙሀይራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ወንዙ ላይ ሲደርስ ግን ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው እጁን አወጣ። ቀነዓ ነው፤ ጠዋት ከሃረና ገብቷል።

"ኧረ እኔ ይሄን አልሰማሁም" አለ። "ስለ ወንዝ ማን ነግሮኝ ነው ኤዬ የምለው?"

ገበያው በሳቅ አለቀ። የማኅበሩ ሰዎች ደነገጡ። ዙሀይራ መሬት ብትከፈት የምትገባ መሰለች፤ ሥራዋ በአባቷ ፊት ተበላሸ ብላለች። እኔም ለእሷ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ።

ሃጂ ከማለዲን ቅጂውን አስቁመው ማይኩን ተቀበሉ።

"ቀነዓ እውነቱን ነው፤ አልነበረም" አሉ። "ይሄን የተናገርኩት በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት ነው። ስናገር ኤዬ ያለችኝ ልጄ ዙሀይራ ናት። እኔ ሁለት ሰው እንዳልመስላችሁ ብላ የራሷን ድምፅ አውጥታ የቀነዓን ከተተች። እናንተ አንዳችሁም አላወቃችሁም፤ እሱም ያወቀው አገር ቤት ስላልነበረ ነው። ስንት ዓመት ሥራሽ ምንድነው ስላት ኖሬያለሁ። ሥራዋ ይሄ ነው፤ ከባድ ሥራ ነው።"

ዙሀይራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። "አባ አበላሹት፣ ቲቸር" አለችኝ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። "ደብቄ የሰፋሁትን ለገበያው ሁሉ አሳዩብኝ።"