አልወርድ ያለው ሰላምታ

የዚያን ቀን ጠዋት ዝናቡም አልዘነበ፣ ፀሐይም አልወጣች፤ ሰማዩ እንደ እጣቢ ውሃ ደፍርሶ ነበር። አስር አለቃው አንገቱ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ ሚስቱን ተደግፎ ወደ ጡረታ ቦርዱ ይግባኝ ሰሚዎች ሄደ።

በውትድርናው ዘመን የሞርታር መቀመጫ ብረት በትከሻው ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ነው። አሁን አንገቱ አይዞርም፤ ትከሻና ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋሉ። ሸሚዙን የምትቆልፍለት ሚስቱ ናት። የመጀመሪያው ቦርድ ግን «ጤነኛ ነው» ብሎ የጉዳት ጡረታውን ከልክሎታል። ለምን ቢሉ፣ ሰብሳቢው ኮሎኔል ሲገቡ ብድግ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ሰላምታ ሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ሲያቃስት ያየችው እሷ ብቻ ናት።

«ዛሬ ብትነሳ አንተን አያድርገኝ!» አለችው ኮሪደሩ ላይ።

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ሴትዮ!»

«ሱሪህን ከወንበሩ ጋር ልስፋው እንዴ?»

ክፍሉ የሲጋራና የምሳ ቅባት ይሸታል። የቦርዱ ሐኪም ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል፤ ያወጣውን አየት ያደርግና መልሶ ይውጠዋል። ሚስቲቱ ፊቷን አዞረች።

በሩ ተከፈተና ያው ኮሎኔል ገቡ፤ ይግባኙንም የሚሰሙት እሳቸው ኖረዋል። ሚስቱ ጭኑን ጫን ብትለውም አመል ያወጣል ከመሃል ነውና፣ ብድግ አለ። ተረከዙን አጋጭቶ እጁን ግንባሩ ላይ ሰካው።

«ይኸው! ከእኔ ይሻላል እኮ!» ብሎ ሐኪሙ ሳቀ።

«አሳርፍ፣ አስር አለቃ» አሉ ኮሎኔሉ።

እጁ አልወረደም።

«አሳርፍ ተብለሃል!»

«አልወርድ አለኝ፣ ጌታዬ።» ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ሐኪሙ በዚያው ጥርሱን በጎረጎረበት እጅ ክንዱን ይዞ ቁልቁል ጎተተው። ትከሻው ቀጭ አለ፤ አስር አለቃው እንደ ሕፃን ጮኸ።

«እስቲ አንዴ ልድገመው» አለ ሐኪሙ፣ የዛገ ቧንቧ የሚፈታ ይመስል።

ሚስቲቱ መሃላቸው ገባች። «የገበያ በሬ ነው እንዴ የምታገላብጡት? ጥርሱንም ቁጠሩለታ!»

ኮሎኔሉ አቀረቀሩ፤ የእሳቸው አንገት መቼም ይታዘዛል። «ጉዳቱ ይጽደቅለት» አሉ። ይቅርታ ያለ ግን አልነበረም።

ውጭ አግዳሚው ላይ ክንዱን እያሸች ቀስ በቀስ አወረደችለት።

«አልነሳም ብለህ አልነበር?»

«እኔ መች ተነሳሁ፤ እግሬ ነው።»

አሁን በየወሩ ጡረታውን ይቀበላል። አንገቱ እንደዚያው ነው። ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ሲገባ አይቶ እንዳይነሳ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል።