የባሌ እውነተኛ ስም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እናንተ የምታነቡት የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

ባሌ ዱጉማ ተፍኪ የተወለደ ኦሮሞ፣ የሰበታ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ሰበታ አደግኩ። ለጋብቻ ሲጠይቀኝ አባቴ ስሙን ቢጠይቁኝ «ደረጀ ይባላል» አልኳቸው። እርሱም ለእኔ ሲል ዝም አለ፤ ከተማውም ደረጀ አለው። የስሙ መነሻ ድምፅ በኦሮምኛ ምላስን ወደ ላንቃ አጥፈው የሚያወጡት ነው። ከብዶኝ ነው? አይደለም። አፍሬበት ነው።

በጃንሆይ የልደት በዓል ቀን የሹማምንት ሚስቶች በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እናቱ አደ ጫልቱ ከተፍኪ መጡ። ባሌ ሰልፍ ላይ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ዱጉማ ጂራ?» አሉ፤ አለ ወይ ማለታቸው ነው።

«ደግሞ ዱጉማ ማን ነው?» ብላ አንዷ እንግዳዬ ሳቀች።

እኔም የባሌን እናት ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ «እማማ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ቤት ተሳስተዋል» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። ዞረው ሄዱ። እርሳቸውም ለልጃቸው አልነገሩትም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም፤ እርሱ ነበር ተፍኪ እየሄደ የሚጠይቃቸው።

ባለፈው ወር ዱጉማ ሞተ። ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በራችን ላይ ቆሞ «አቶ ደረጀ አርፈዋል ልበል?» አለኝ።

«አይበሉ። ዱጉማ ይበሉ።»

«ኧረ እትዬ፣ ማንን ነው የምቀብረው ብሎ ሰው ይስቅብኛል!»

በሌሊት ልከንባቸው የመጡት እናቱ ከአስከሬኑ አጠገብ ቀና አሉ። ሄጄ ተንበረከክሁ፤ «አደ፣ አጠራሩን ያስተምሩኝ» አልኩ። ወደ አስከሬኑ ዞሩ። ከዚያ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት። ደገምኩት።

«አይደለም። ምላስሽን እጠፊው።»

በአራተኛው ወጣልኝ። ጥሩምባ ነፊውም ከእኔ ተለማመደና «በስተርጅና ምላሴን ቋጠራችሁት!» እያለ ወጣ።

ስሙ ከገበያው እስከ ወንዙ ተሰማ። የማላውቃቸው ገበሬዎች በፈረስ እየጋለቡ፣ «ለካ የእኛው ዱጉማ ነው!» እያሉ ደረሱ። ቀባሪው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሞልቶ መንገዱን ዘጋ። ያ ሁሉ ሕዝብ ባሌን በስሙ ጠርቶ አለቀሰለት። በሐዘኔ መካከል ደስ አለኝ፤ ራሴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ይህን አልደብቅም።

በደሌን ግን አይሽርልኝም። በቁሙ የነጠቅሁትን ሲሞት ብመልስለት ምን ያደርግለታል? አላዋቂ ነበርሽ አትበሉኝ፤ ኦሮምኛ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

አደ ጫልቱ ነገ ወደ ተፍኪ ይመለሳሉ። አብሬያቸው እሄዳለሁ። ያደረግሁትን በጎረቤቶቻቸው ፊት፣ በራሳቸው ቋንቋ እናገራለሁ። ይቅር ማለትና አለማለት የእርሳቸው ፈንታ ነው።