ገደሉ «አቤት!» ሲለኝ

እናንተዬ፣ ይሄን ሳልነግራችሁ ባድር ያመኛል። ከመርካቶ የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ ሴቶች ጋር የወሎን ተራራ ልንጎበኝ ወጣን። አስጎብኚው የድንጋይ ክምር እያሳየ «የንጉሥ ግንብ ነበር» ቢለን፣ «ልጄ፣ ፍርስራሽማ እኛ ሰፈር መሳለሚያም ሞልቷል!» አልኩት።

ከዚያ ጭጋግ የዋጠው ገደል አፋፍ ወሰደንና «ስማችሁን ተጣሩ፤ የገደል ማሚቶው ይመልስላችኋል» አለን። ጎረቤቴ ሙሉ «ሙሉ!» ስትል ገደሉም «ሙሉ... ሙሉ...» አለ። «ይሄም ድምፅ ሆኖ ነው? ዞር በሉ!» ብዬ፣ በዚያ ጭነት መኪና በሚያስቆም ጉሮሮዬ «ዘይነባ!» አልኩ።

«አቤት!» አለኝ ገደሉ።

ሙሉ «ጂን ነው!» ብላ እግሬ አውጪኝ አለች። አስጎብኚው ከኋላዬ ተሸጉጦ «እትዬ ዘይነባ፣ እንዲህስ ብሎ አያውቅም» ይለኛል። እኔም ልከተላት ቃጣኝ፤ ግን ከሮጥኩ ዕድሜ ልኬን የመርካቶ መሳቂያ ልሆን ነው።

«ማነሽ አንቺ?» አልኩ።

«ዘይነባ ነኛ!»

«እኔስ ታዲያ ማነኝ?»

ከጭጋጉ ውስጥ ሣር የተሸከመች ሴትዮ እያለከለከች ብቅ አለች።

«እኔ ምን አውቄልሽ! የጠራሽኝ አንቺ!»