ያልተማርሁት አራተኛ መስመር

የያዙኝ ረቡዕ ማለዳ፣ የጭነት መኪናዎች ወደ ወደቡ በሚገቡበት መንገድ መካከል ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ጎንደር የቀሩት ቤተሰቦቻችን ወደዚህ ወደ እስራኤል ይምጡልን ብለን መንገዱን ዘግተን ነበር፤ ታናሽ እኅቴ ከቀሩት አንዷ ናት። ሁለት ፖሊሶች በብብቴ ይዘው ሲያነሡኝ ጉልበቴ እንዳይጎዳ ተጠንቅቀዋል፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። ነጠላዬ ግን አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ ከእነርሱም አንዱ ሳያየው ረግጦት አለፈ።

ያስገቡኝ ክፍል ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት ነበረ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ቢቀባም ከእኔ በፊት የነበሩት በጥፍራቸው የጫሩት ከሥሩ ይታያል። በማዕዘኑ መዝጊያ የሌለው መጸዳጃ አለ፤ የክሎሪንና የሽንት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። መቀመጫው ከግድግዳው የተያያዘ አንድ የብረት አግዳሚ ብቻ ነው። ከበሩ በላይ ካሜራ ተሰቅሏል።

በአግዳሚው ጫፍ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ሲያየኝ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ፤ ጉልበቴንም ሊስም ጎንበስ አለ። እዚሁ አገር የተወለደ ነው፤ አማርኛው የተሰባበረ፣ ሥርዓቱ ግን ሙሉ ነበረ። ካሜራው እንደሚያይ እንጂ እንደማይሰማ የነገረኝም እርሱ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት መናገር ያስፈልገኛል፤ ያለዚያ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አይገባም። ቤተሰቤ በክፉ ዘመን ወደ ቤተ ክርስቲያን የተጠጋ የቤተ እስራኤል ዘር ነው። በልጅነቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ወደ አባቶቼ ሃይማኖት ተመልሻለሁ። ዳዊቱን ግን እስከ ዛሬ የምደግመው በተማርሁበት በግዕዝ ነው። ዳዊት የእኛም ንጉሥ ነውና እስካሁን የከለከለኝ የለም።

ሥራው ምን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አፕ እሠራለሁ አለኝ። ሰልፉ የተጠራበትን፣ የልጅ ልጄም በስልኬ ላይ የጫነችልኝን አፕ የሠራው እርሱ ነበረ። ቀኑ ረጅም ስለ ሆነ የሥራውን ቃላት አንድ በአንድ አስረዳኝ። ኮድ ማለት ማሽኑ የሚታዘዝለት ጽሑፍ ነው። ባግ ማለት በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ተደብቆ የገባ ስሕተት ነው።

«ታዲያ የተሳሳተው ጸሐፊ አይገረፍም?» አልሁት።

«ኧረ አባ፣ ስሕተቱን ሲፈልግ ይከርማል። ቢገረፍ ይሻለው ነበር» አለና ሣቀ። በዚያ ክፍል ሲሣቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰው በጣቱ የሚነካው፣ ሥዕሉና ቁልፉ ያለበት ገጽ ፍሮንት ኤንድ ይባላል አለኝ፤ ከበስተጀርባው ሆኖ የሚሠራውና ተጠቃሚው የማያየው ደግሞ ባክ ኤንድ። ይህ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ሕዝቡ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ይሰማል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን መቅደስ የሚያውቀው ካህኑ ብቻ ነው። እንዲህ ብዬ ብነግረው ጥቂት አሰበና ስሙ ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቁ ማሽን፣ ሰርቨር የሚሉት፣ እንግዲህ ታቦቱ ነዋ አለኝ። በዚህስ አልተስማማሁም። በታቦት አይቀለድም።

ሰርቨሩን ካነሣ በኋላ ግን ፊቱ ጠቆረ። በዚያ ማሽን ላይ በአፑ «እመጣለሁ» ብለው የተመዘገቡት ሁሉ ስምና ስልክ አለ። ከእነርሱ የሚበዙት በወደቡ የሚሠሩ ናቸው። የወደቡን በር የሚያልፉት በፈቃድ ወረቀት ነው፤ የወደቡን መንገድ ከዘጉት መካከል ስሙ የተገኘ ሰው ወረቀቱን ይነጠቃል፤ ወረቀቱን የተነጠቀ ሥራውን ያጣል። ስማችሁን ማንም አያይባችሁም ብሎ ቃል የሰጣቸው እርሱ ነው። አሁን ስልኩ በመርማሪዎቹ እጅ ነበረ። መቆለፊያውን እስኪሰብሩት ጥቂት ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ከሰበሩት በኋላ ግን ሰርቨሩ ዘንድ ይደርሳሉ።

አብራው የምትሠራ ሴት ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር አለች፤ ቤቷ የት እንደ ሆነም ነገረኝ። ስሞቹን ልታጠፋቸው ትችላለች፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉንና የመክፈቻ ቃላቱን አታውቅም። ማሽኑ በየቀኑ የሁሉን ነገር ቅጂ ለራሱ ያስቀምጣል፤ ይህን ባክ አፕ ይሉታል። ስሞቹን አስቀድማ ብታጠፋ ባክ አፑ በማግሥቱ መልሶ ያመጣቸዋል። ለእርሱ ጠበቃ ገና አልመጣለትም። እኔን ግን በሽምግልናዬ ምክንያት ነገ እንደሚለቁኝ ነግረውኝ ነበር። ወረቀትም እርሳስም የለንም።

«አራት መስመር ነው፣ አባ» አለኝ። «በቃል መያዝ ይችላሉ?»

«መቶ አምሳውን መዝሙር በቃሌ ይዣለሁ፣ ልጄ።»

«ይሄ ግን ባይገባዎትስ?»

«ዳዊቱንም ስይዘው አልገባኝም ነበር።»

የቃል ትምህርት ሥርዓት አለው። ተማሪ ከመምህሩ እኩል ተቀምጦ ቃል አይቀበልም። ስለዚህ ከአግዳሚው ወርጄ በሲሚንቶው ላይ፣ ከእግሩ ሥር ተቀመጥሁ። ደነገጠ። ነውር ነው፣ ይነሡ እያለ እርሱም ሊወርድ ሞከረ። ጉልበቱን ይዤ አስቀረሁት፤ ቃል እንደ ውኃ ነው፣ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይፈስም አልሁት። አግዳሚው ላይ እንደ ተቀመጥሁ ብቀበለው ምን ይጎድል ነበር? ዛሬ ራሴን ይህን እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ልማዴ ለጥያቄ ቦታ አልሰጠኝም።

የመጀመሪያው መስመር ባክ አፑን እንድታቆም የሚያዝ ነው። ሁለተኛው የቆዩትን ቅጂዎች እንድታጠፋ፣ ሦስተኛው የስሞቹን ሰንጠረዥ እንድታጠፋ። በየመስመሩ መጨረሻ የመክፈቻ ቃል አለ፤ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው። እርሱ ይላል፤ እኔ እመልሳለሁ። በልጅነቴ እንዳደረግሁት ወገቤን እያወዛወዝሁ፣ ጉልበቱን እንደ ያዝሁ፣ ሦስቱን መስመር ሳላዛንፍ እስክመልስለት ድረስ ደጋገምን። አራተኛውን ሊጀምር አፉን ሲከፍት በሩ ተከፈተ።

የገባው ጠባቂ ከእኛው ወገን ነው። በካሜራው ያየው ነገር ሌላ ነበረ፦ ሽበታም ሽማግሌ በሲሚንቶ ላይ ወድቆ፣ ጎልማሳው በአግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ሽማግሌው ጉልበቱን ይዞ እየተወዛወዘ ሲለምነው። የሌላ አገር ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈን ነበር። ለእርሱ ግን ይህ የሚታለፍ አልነበረም።

«አባትህ የሚሆኑትን ሰው መሬት አስቀምጠህ አንተ ከላይ?» አለው። «ማን ነው ያሳደገህ?»

ጎልማሳው ወደ እኔ ተመለከተ። እያስተማረኝ ነው ብል የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ዝም አልሁ። እርሱም አንገቱን ደፋ፤ በአንገትጌው ተይዞ ሲወጣ በበሩ ላይ ዞሮ «ይቅር ይበሉኝ፣ አባ» አለኝ። ያልሠራውን ነውር በራሱ ላይ ተሸከመ።

ጠባቂው በሁለት እጁ አንሥቶ አስቀመጠኝ፤ የልብሴን አቧራ አራገፈ፤ ስኳር የበዛበት ሻይ በወረቀት ኩባያ አመጣልኝ። እጁ ሞቃት ነበረ። ሻዩን መጠጣት አልቻልሁም።

በማግሥቱ ከመርማሪው ፊት አቀረቡኝ፤ ያው ጠባቂ አስተርጓሚ ሆነ። በጠረጴዛው ላይ የተዘጋጀ ወረቀት አለ። ጎልማሳው ገፍቶ ከመቀመጫዬ እንዳወረደኝና እንዳዋረደኝ ይናገራል። ከፈረምሁ እስከ እኩለ ቀን ቤቴ እገባለሁ። ካልፈረምሁ ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር ስላለ እስከ እሑድ እቆያለሁ።

ብዕሩን አየሁት። ብፈርም ሦስቱ መስመሮች እኩለ ቀን ላይ ሮቫ አሌፍ ይደርሳሉ። ባልፈርም ምናልባት ስልኩ ይቀድመኛል፤ በእኔ ምክንያትም የብዙ ቤት እንጀራ ይቆረጣል። በሌላው ወገን ደግሞ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ያለ ሰው ስምና አንድ የሐሰት ምስክርነት አለ። እግዚአብሔር በሐሰት አትመስክር ሲል ለችግር ጊዜ ይህን ያህል ይፈቀድልሃል አላለም።

«በፈቃዴ ነው የተቀመጥሁት» አልሁ።

መርማሪው ስለ ምን ብሎ ጠየቀ። ይህን አልናገርም አልሁ። ጠባቂው ቃሌን ካስተረጎመ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ልጅ በሚለምን አነጋገር፣ «አባ፣ አይሸፍኑለት» አለኝ። ወረቀቱ ሳይፈረም ተነሣ።

እስከ እሑድ ብቻዬን ቆየሁ። ጧት ዳዊት እደግማለሁ፤ ከዚያ ሦስቱን መስመር። ምግብ ሲመጣ ሦስቱን መስመር፤ ሲወጣ ሦስቱን መስመር። በአንዲቱ ቁጥር ተጠራጥሬ ግማሽ ቀን ሙሉ ላብ አጠመቀኝ፤ በኋላ ከምላሴ ራሷ ተመልሳ መጣች። ሰንበትም ዋለ። በሰንበት ሥራ አይሠራም፤ ማስታወስ ሥራ መሆን አለመሆኑን የምጠይቀው ሰው ግን በአጠገቤ አልነበረም። አለመፈረሜ ጽድቅ ይሁን ትዕቢት፣ በእነዚያ ቀናት መለየት አልቻልሁም። ዛሬም አልለየሁትም።

እሑድ ሲለቁኝ ቤቴ ወዳለበት፣ ሮቫ ቤት ወደሚባለው ሰፈር አልሄድሁም። ቀበቶዬን በእጄ እንደ ያዝሁ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሮቫ አሌፍ ወረድሁ። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስታየኝ ማን እንደ ላከኝ ሳልነግራት አወቀች። ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀመጠች፤ እኔ ቆሜ አልሁላት። አንደኛውን ስል ጣቶቿ ሮጡ። ሁለተኛውን ስል ሮጡ። ሦስተኛውን ስል ሮጡ፤ ከዚያም ቆሙ።

«አራተኛውስ?» አለችኝ።

«ሳልቀበለው ለያዩን።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያም አስረዳችኝ። አፑ ማን ምን ሰዓት ምን እንዳዘዘ ለብቻው ይጽፋል፤ ሎግ ይባላል። ሰልፉን የጠራው፣ መንገዱ ይዘጋ ያለው እርሱ ለመሆኑ ማስረጃው ያ ነው። የዚያ መክፈቻ ቃል ያለው ከእርሱ ጋር ብቻ ነበረ። አራተኛው መስመር የራሱ ነበረ። የሰዎቹን ሁሉ አስቀድሞ የራሱን መጨረሻ ላይ አኖረው።

በቤተ ክርስቲያንም ሳለሁ፣ በምኩራብም ዛሬ፣ የሰማሁት ጸሎት ስለ ሌላው ይጀምርና ስለ ራስ ይፈጽማል። ይህን ለእርሱ ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ስልኩ ሰኞ ተከፈተ። በሰርቨሩ ላይ ከእርሱ ስም በቀር የማንም ስም አልተገኘም።

ፍርዱ በሚነበብበት ቀን ወደ ችሎቱ ሄድሁ። የሚናገር ሁሉ ተናግሮ አብቅቷል፤ ከእንግዲህ የእኔ ቃል የሚጎዳው ሰው የለም። ያ ጠባቂ ጎልማሳውን እጁን በካቴና እንደ ታሰረ፣ ክርኑን ይዞ አስገባው። እኔ ተነሥቼ ቆምሁ። በአዳራሹ ውስጥ የቆምሁት ብቻዬን ነበርሁ።

ጠባቂው በአጠገቤ ሲያልፍ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ «አባ፣ ይቀመጡ። ዳኛው ገና አልገቡም» አለኝ። «ለማን ነው የቆሙት?»

«ለመምህሬ ነው» አልሁት። «ያን ቀን እያስተማረኝ ነበር።»

እርሱን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ወለሉን ተመለከተ። የጎልማሳውን ክርን ለቀቀውና ወደ መቀመጫው ብቻውን እንዲራመድ ከኋላው ቀረ። እኔም እርሱ እስኪቀመጥ ድረስ ቆሜ፣ ሲቀመጥ ተቀመጥሁ። የፈረዱበት እስራት ነው።

እነሆ ዛሬም እዚያው ነው። እኅቴም ገና ጎንደር ናት። በማለዳ አውቶቡስ ስጠብቅ ወደ ወደቡ የሚሄዱትን የወገኖቼን ልጆች አያለሁ፤ የፈቃድ ወረቀታቸው በአንገታቸው ተንጠልጥሎ፣ እየተቀላለዱ ያልፋሉ። ሰላም ይሉኛል፤ ሰላም እላቸዋለሁ።

ከዳዊቱ በኋላ በየጧቱ ሦስቱን መስመር እደግማለሁ፤ የመክፈቻ ቃላቱ አሁን የሚከፍቱት ነገር የለም። ስደግም እንደ ሥርዓቱ ከወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሦስተኛው በኋላ የአንድ መስመር ያህል ዝም እላለሁ፤ ከዚያም የቤቴን አግዳሚ ተደግፌ እነሣለሁ።