የአባቴ ባስኩላ

ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ የቡጢና የእርግጫ ግጥሚያ ያያል፤ እነዚያ አጥር ውስጥ ገብተው የሚደባደቡትን ማለቴ ነው። ባለፈው ድብድቡ ገና አልተጀመረም ነበር። ጉንጩ ስርጉድ ያለ አንድ ወጣት በፎጣ ተከልሎ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያሳያል። "አባዬ፣ ይሄ እኮ በአንድ ቀን አምስት ኪሎ ጥሎ ነው የመጣው!" አለኝ በአድናቆት። "አጥፋው!" ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ፣ ምስኪን። እሱ ምን ያውቃል።

እኔ ሚዛን አልወድም። ሐኪም ቤት እንኳ ሚዛኑ ላይ ውጣ ሲሉኝ ኪሎዬን ገምቼ እነግራቸዋለሁ።

አባቴ ሶዶ ገበያ ጀርባ እህል ይነግድ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ ባጃጅ ገና ከተማችንን ያልረገጠበት ጊዜ ነው። ከቢጠና በኩል በቆሎ ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ጆንያቸውን ደጃፋችን ባለው ባስኩላ ላይ ያወጣሉ፤ ባስኩላው ከእያንዳንዱ ጆንያ ሦስት ኪሎ ይበላል። ይህን ያወቅሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ ከሥሩ ያሰራትን ሽቦ ስነካካ ያዘኝና፣ "የቤት ገመና ነው። ከአፍህ ብትወጣ ልጄ አይደለህም" አለኝ። የሰበካ ጉባኤ አባል ነበር፤ ሰፈሩ ሲጣላ ሽማግሌው እሱ ነው።

መስቀሌ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ካራቴን ከቪዲዮ ቤት ለምዶ፣ በኋላ አሠልጣኝ አግኝቶ ኪክ ቦክስ ውስጥ ገባ። አሮጌ ጎማ ዛፍ ላይ አንጠልጥሎ ቅልጥሙ እስኪላጥ ይራገጣል። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ፣ እናቱ እማማ ባሎቴ ናቸው ቅቤ እየሸጡ ያሳደጉት፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላን መስከረም ከአዋሳ ተጋጣሚ ተገኘለት። ያሸነፈውን አዲስ አበባ ያለ ክለብ በደመወዝ ይቀጥረዋል ተባለ። ገደቡ ስልሳ ኪሎ ነው። ታዲያ ሚዛን ከየት ይምጣ? ማለዳ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መስቀሌ እኛ ቤት ይመጣና ባስኩላው ላይ ይወጣል።

"ስንት ይላል?"

"ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል።"

"በቃ፣ አዲስ አበባ ገባሁ!" ብሎ ይዘላል።

ስልሳ ሁለት ተኩል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። በነጋው ደግሞ የአባቴ ፊት ድቅን ይልብኛል።

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የዋለው ለግጥሚያው አራት ቀን ሲቀር ነበር። ዝናቡ አባርቶ የዳሞታ ተራራ ከነጫፉ ወለል ብሎ ይታያል። እማማ ባሎቴ ጠርተውኝ ሄድኩ። ጥሬ ሥጋው ከዳጣ ጋር ቀርቧል፤ ከእንሰት የተሠራው ሙቹዋ ቅቤ ጠግቧል። መስቀሌ፣ "ሚዛኑ ፈቅዶልኛል!" እያለ እየሳቀ ይበላል። እናቱም "ብላ እንጂ! ባዶ ሆድ ቡጢ አይችልም" እያሉ ይጨምሩለታል። እኔም ከአንድ ገበታ አብሬው በላሁ። ያኔ እንኳ ብናገር አራት ቀን ነበረው፤ ቀስ እያለ ያወርደው ነበር። እኔ ግን አፌን የከፈትኩት ለጉርሻ ብቻ ነው።

የግጥሚያው ዕለት ጠዋት አዘጋጆቹ ይዘውት የመጡት ሚዛን ስልሳ ሦስት አለ። "እስከ ስድስት ሰዓት ስልሳ ካልገባህ ግጥሚያ የለም" አሉት። መስቀሌ ዞሮ አየኝ።

"የእናንተ ትናንት ስልሳ አላለም እንዴ?"

"የእነሱ ይሆናል የተበላሸው" አልኩት።

አመነኝ። ጮኾ ተከራከረ፤ ማን ይስማው! የማዳበሪያ ላስቲክ ሰውነቱ ላይ ጠምጥሞ፣ በላዩ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በዚያ ፀሐይ የዳሞታን ዳገት ሮጠ። እኔም ከኋላው። ውሃ ሳቀብለው ተጉመጥምጦ ይተፋዋል። በመጨረሻ የሚተፋው ምራቅ እንኳ አጣ። ስልሳ ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሏል። የመጀመሪያውን ዙር በምን ጉልበት እንደቆመ አላውቅም። በሁለተኛው እጆቹ ወደ ታች ወረዱ። የአዋሳው ልጅ ግራ ገብቶት ዳኛውን አየ፤ ዳኛው ቀጥሉ አለ። አንድ እርግጫ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ሰዉ "ተነስ! ተነስ!" ይላል። አልተነሳም። በፒክአፕ ጭነን ኦቶና ሆስፒታል አደረስነው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሃያ ዓመት አልሞላውም።

ለቅሶው ላይ እማማ ባሎቴ ደረታቸውን እየደቁ፣ "እኔ ነኝ የገደልኩት! ብላ፣ ብላ ብዬ!" ይላሉ። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ "ተይ፣ የእግዜር ሥራ ነው" እያለ ያጽናናቸዋል። እኔ ጥግ ይዤ መሬት መሬት አያለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የእኔን ዝምታ አላየም።

አባቴ ካረፈ ቆየ። በቀብሩ ማግስት ሽቦዋን በፒንሳ ቆርጬ ጣልኳት። ጀግና! ከስንት ዓመት በኋላ። እማማ ባሎቴ ግን ዛሬም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ በአፋቸው አልዞረም። በየጊፋታው ልጠይቃቸው ስሄድ ለእኔ ግን ያቀርባሉ፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ልጨርስ ስል እጄን ይይዙና፣ "ይበቃሃል ልጄ፣ አታብዛ" ይሉኛል።

ልጄን ማታውኑ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደጮህኩ ግን አልነገርኩትም። አስቀድሞ መስማት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ጊፋታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ።

አምናም ወስኜ ነበር።